ስለ ወታደር ጉደታ የጻፍሁት

ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት በሰበታ፣ በልጅነቴ በተማርሁበት ትምህርት ቤት፣ ቆሜ የተናገርሁት ቃል ስላሳፈረኝ ነው።

መምህራኑ ስለ ጦር ሜዳ ለተማሪዎች እንድነግራቸው ጠይቀውኝ ነበር። ኒሻኔን ደረቴ ላይ አድርጌ ሄድሁ። የያዝነውን ኮረብታ፣ የቀኑን ሐሩር፣ ውጊያው የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ነገርኋቸው። ስጨርስ ከፊተኛው ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ጀግናው ከፈሪው በምን ይለያል? ከውጊያው በፊት ይታወቃል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው ይታወቃል» አልኋት። «ከአበላሉ፣ ከአነጋገሩ፣ ከጓደኞቹ ጋር ከሚውልበት ሁኔታ ይታወቃል።»

አጨበጨቡ። ልጅቱም መልሴን በደብተሯ ጻፈችው። ስትጽፍ አየኋት፤ «ተይው፣ አትጻፊው» ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። እነሆ እርሷ የጻፈችውን ለማረም እኔም እጽፋለሁ።

የጉዞው ትእዛዝ የደረሰን በጥር ወር፣ አንድ ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ ንጋት በካሚዮን ተጭነን ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ተንቀሳቀስን። የእኛ ጓድ ዘጠኝ ሰው ነበር። እኔ አሥር አለቃና የጓዱ መሪ ነበርሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በእጄ የገባውን ሁሉ አንብቤ ነበር። ካነበብኋቸው አንዱ የሰውን ጠባይ ከመልኩና ከሁኔታው ማወቅ እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ነበር። ያን መጽሐፍ ካነበብሁ ወዲህ ሰውን ሁሉ እንደ ተገለጠ ገጽ የማነብ መስሎኝ ነበር።

ከዘጠኛችን ሁለቱን አስቀድሜ ላስተዋውቅ። አንደኛው ታደሰ ነው። የቡራዩ ልጅ ሲሆን አባቱ ከደን እንጨት እየቆረጡ ለከተማ ይሸጡ ነበር። እርሱም ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ከእኔ ጋር አብረን ስለ ሠለጠንን «አለቃ» እያለ፣ ግን እንደ ወንድም አንተ እያለ ያናግረኝ ነበር። ሁለተኛው ጉደታ ነው። ሱሉልታ ከሜዳው ዳር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከመናገሩ በፊት ጥቂት የሚቆይ ሰው ነበር። በተኩስ ልምምድ ከሁላችን ይበልጥ ስለ ነበር መትረየሱ የተሰጠው ለእርሱ ነው። ታደሰ ረዳቱ ነበር።

ጉደታ ከሌላ ጓድ ተዛውሮ ወደ እኛ በመጣ በመጀመሪያው ቀን፣ ካሚዮኑ ውሃ ሊቀዳ በቆመበት ቦታ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

«አሥር አለቃ፣ አገርዎ የት ነው?» አለኝ።

«ሰበታ።»

«የአባትዎስ?»

«አባቴ የተወለደው እናንተ አገር ነው፤ ሱሉልታ። እኔ ሳልወለድ ለቆ ወጣ። አየሩ አልተስማማኝም ይላል።»

ፈገግ አለ። «ለሱሉልታ ሰው የሱሉልታ አየር አልተስማማውም? እንግዲያ ሰፈሩን ላውቀው እችላለሁ። አያትዎ ማን ይባላሉ?»

«ቱፋ።»

ፈገግታው ጠፋ። መሬት መሬት እያየ «እንዲያ ነው» አለና ተነሥቶ ሄደ። ምን እንደ ተሰማው አልጠየቅሁትም። ስሙ የታወቀ ቤተ ሰብ ስላልሆንን የናቀኝ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አልበላም።

የጓዱ ምግብ በአንድ ሰፊ ትሪ ይቀርብ ነበር፤ ዙሪያውን ተቀምጠን እንበላለን። ጉደታ ድርሻውን በጋሜላው ይቀበልና ዞር ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ለብቻው ይበላል። በመጀመሪያ ታደሰ ቀለደበት።

«ጉዴ፣ ሚስት ስታገባም ለብቻህ ነው የምትበላው?»

«አንተ ከመጣህ አዎ» አለ ጉደታ። «ያንተን ጉርሻ አይቼዋለሁ። የአንድ ቤት እራት ነው።»

ሁላችን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ከመቶ አለቃው ዘንድ ስመለስ ከሩቅ አየሁት፤ ከሌሎቹ ጋር ከትሪው ዙሪያ ተቀምጦ እየበላ ነበር። እኔን ሲያይ እጁን ሰብስቦ ተነሣ። ታደሰን ለብቻው ጠየቅሁት።

«አንተ ስትሄድማ እንደ ሰው ይበላል፣ አለቃ» አለኝ። «እኔም ገርሞኛል። ምን አደረግኸው?»

ምንም አላደረግሁትም። ነገሩ ያኔ ውስጤ ገባ። ውሃ በምንቀዳበት ጉድጓድ እንኳ የእኔ ባልዲ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። በእግር ጉዞ ላይ አፉ በጥም ደርቆ ኮዳዬን ስዘረጋለት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ» ይለኛል። በፋሲካ ዕለት፣ መቶ አለቃው በግ ገዝቶልን ጓዱ ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ፣ እኔ እንደ መሪ ለእያንዳንዱ አጎረስሁ። የጉደታ ተራ ሲደርስ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ፊቱንም አዞረ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ሰባት ሰው አየኝ። ጉርሻውን ለታደሰ ሰጠሁት፤ ታደሰም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ዋጠው።

በሳምንቱ መቶ አለቃው የጓድ መሪዎችን ሰብስቦ፣ ስለ እያንዳንዱ ወታደር ጠባይ አስተያየታችንን በጽሑፍ እንድናቀርብ አዘዘን። በድንኳኔ ተቀምጬ ስለ ስምንቱም ጻፍሁ። በእጅ ጽሑፌ እኮራ ነበር። ስለ ጉደታ የጻፍሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«ወታደር ጉደታ። ትዕቢተኛ ነው። አለቃውን ይንቃል፤ አለቃው በሌለበት ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ይመክራል። ልቡ ከጓዱ ጋር አይደለም። በጭንቅ ሰዓት የሚታመን አይመስለኝም።»

መቶ አለቃው ሲያነብ ቅንድቡን አነሣ። «ይህ ልጅ በተኩስ የሚስተካከለው የለም። በምን አወቅህ?»

«ጠባዩን ተከታትዬ ነው፣ ጌታዬ» አልሁ።

ያልሁት ሐሰት አልነበረም፤ ተከታትየዋለሁ። የተከታተልሁት ግን አንድ ነገር ካመንሁ በኋላ ነበር። ዝም ሲል ንቀት ነው አልሁ። ሲስቅ በእኔ ላይ ነው አልሁ። ማልዶ ተነሥቶ ሲጸልይ ታይታ ነው አልሁ። ዓይኔ ማስረጃ ይለቅም ነበር እንጂ ሰውየውን አያይም ነበር።

መትረየሱ ከጉደታ ተወስዶ ለታደሰ ተሰጠ። ጉደታ ወደ ቃፊር ሥራ፣ ከምሽጉ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ አካባቢውን ወደሚጠብቁት ወረደ። ለምን እንደ ወረደ ማንም አልነገረውም። ጓዱ ግን አወቀ። የእኔ አስተያየት የጓዱ አስተያየት ለመሆን ዐሥር ቀን አልፈጀበትም። ሲያልፍ ይዘጉታል፤ ሲቀርብ ወሬ ይለውጣሉ። እኔ በሌለሁበት ጊዜም ቢሆን ከትሪው ቦታ የሚለቅለት ጠፋ። ታደሰ ብቻ «ኧረ እንዲያው ምን አደረገ ይህ ሰው?» ይል ነበር፤ በኋላ እርሱም ተወው።

ኮረብታው ላይ የወጣነው በግንቦት መጀመሪያ ነው። በካርታችን ላይ ስም ስላልነበረው ከድንጋዩ ቀለም ቀይ ኮረብታ እያልን ጠራነው። በምሥራቅ በኩል መንገድ ያልፋል። በደቡብ በኩል ደረቅ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ውስጥ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀርታ ነበር። ጠላት በመንገዱ ይመጣል ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር መትረየሱ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር። ሌሎቹ ሁለት ጓዶች ከእኛ በስተ ሰሜን መሽገዋል። ጉደታና በየነ የሚባል ጓደኛው ከኮረብታው ሥር፣ በደረቁ ወንዝ አፋፍ የቃፊር ቦታ ያዙ።

በአምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጉደታ ከቦታው ተነሥቶ ዳገቱን እየሮጠ መጣ። በየነን እዚያው ትቶት ነበር።

«ቦታህን ለምን ለቀቅህ?» አልሁት።

«አሥር አለቃ፣ በወንዙ ውስጥ ሰው አለ።»

«አየህ?»

«አላየሁም። በዚህ ሰዓት የዱር ርግቦች ከኩሬዋ ይወርዱ ነበር። አራት ቀን በዚሁ ሰዓት ወርደዋል። ዛሬ መጡ፤ ዞሩ፤ ሳይወርዱ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ እንዲሁ አደረጉ። እኛ አገር ሣር ስናጭድ በሣሩ ውስጥ ሰው ተኝቶ እንደ ሆነ የምናውቀው በዚህ ነው።»

ከምሽጉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ታደሰ ከመትረየሱ ኋላ ሆኖ፣ «ጉዴ፣ ርግቦቹ ስንት ናቸው አሉህ? በመቶ ነው በሻምበል?» አለው።

ጉደታ አልሳቀም፤ አልተቆጣም። እኔን ብቻ አየ።

«መትረየሱን ወደ ወንዙ ያዙሩት። እኔ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ሌላ አልጠይቅም።»

ያን ጊዜ ያሰብሁትን ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ሰውየው የቃፊር ቦታውን ፈራ፤ ሰበብም ፈለገ ብዬ አሰብሁ። አስቀድሜ «በጭንቅ ሰዓት አይታመንም» ብዬ ጽፌያለሁና የጻፍሁት ሲፈጸም ያየሁ መሰለኝ። በዚህም ተደሰትሁ። አዎ፣ ጥቂት ተደሰትሁ።

«ወደ ቦታህ ተመለስ» አልሁት።

«አሥር አለቃ…»

«ተመለስ ብያለሁ! ትእዛዝ ነው።»

እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ ሰላምታ ሰጠ፤ ዳገቱንም ወረደ። ወደ ታች ሲሄድ ታደሰን «ፈርቷል፤ ተወው» አልሁት። ድምፄን አልቀነስሁም። እንዲሰማው ፈልጌ ነበር። ሰምቶኛል።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከደረቁ ወንዝ ተኩስ ተከፈተ።

ወደ ምሥራቅ ተኝተን ስለ ነበር ጀርባችንና ጎናችን ተገልጦ ነበር። በታደሰ ፋንታ የመትረየሱ ረዳት የሆነው ኃይሌ በመጀመሪያው ተኩስ ወደቀ። ሞርታር ከኋላችን ፈነዳ። አሸዋው ዓይናችንን ሸፈነው። ጠላት ከወንዙ ወጥቶ ዳገቱን ጀመረ። በእኛና በእርሱ መካከል የነበረው የቃፊሩ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ቦታ ሁለት ጠመንጃ ይተኩስ ነበር። ቆይቶ አንድ ብቻ ሆነ። ያ አንዱ አልቸኮለም። እየቆየ፣ እየለየ ይተኩስ ነበር። አንድ ጥይት፣ ዝምታ፣ አንድ ጥይት። ከዳገቱ የጀመሩት ተኙ።

«መትረየሱን አዙር!» አልሁ። ያን ትእዛዝ ከግማሽ ሰዓት በፊት ብሰጠው ኖሮ ከምሽግ ውስጥ በእፎይታ የሚሠራ ሥራ ነበር። አሁን ግን ታደሰ መትረየሱን አቅፎ ከምሽጉ መውጣት፣ ዐሥር እርምጃ ያህል በግላጭ መሄድ ነበረበት። ወጣ። ሄደ። መትረየሱን በድንጋዩ ላይ አስቀምጦ አንድ ዝናር ሙሉ ተኮሰ። ከዚያ አንገቱን ተመታ። እኔ ተስቤ ደርሼ ቦታውን ያዝሁ። ግራ ክንዴን ተመታሁ። ቀጠልን። ከሰሜን የነበሩት ጓዶች ደረሱልን። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠላት ሬሳውን ጥሎ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ማዶ ሸሸ።

ወደ ቃፊሩ ቦታ ወረድን። በየነ ሞቷል። ጉደታ ጭኑንና ጎኑን ቆስሎ በድንጋይ ላይ ተደግፏል። ከጎኑ የቀረው ጥይት ሦስት ነበር። ከንፈሩ በጥም ተሰንጥቋል። ተንበርክኬ የኮዳዬን ክዳን ከፈትሁ፤ ወደ አፉም አስጠጋሁለት።

አፉን ገጠመ። ራሱንም ነቀነቀ።

አጠገቤ ሙሉጌታ የሚባል ወታደር ቆሞ ነበር። ጉደታ በዓይኑ ወደ ሙሉጌታ ኮዳ አመለከተ። ሙሉጌታ ሰጠው፤ ጠጣ። ደጋግሞ ጠጣ። ከዚያ እኔን አየኝና «ክንድዎ ይደማል፤ ያሳስሩት» አለኝ።

ሰው እየሞተ የተሰማኝ ቁጣ ነው። እስከ ሞት ድረስ ናቀኝ አልሁ። ቃሬዛውን ሌሎች ተሸከሙ፤ እኔ ክንዴን አመካኝቼ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ዐረፈ።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መቶ አለቃው የውጊያውን ሪፖርት ለማዘጋጀት ጠራኝ። «በወንዙ በኩል ቃፊር ነበረህ» አለ። «እንዴት ሳያስጠነቅቁ ቀሩ?»

የምመልስበት ጊዜ ነበረኝ። አልቸኮልሁም። «በጊዜ አላስታወቁም፣ ጌታዬ» አልሁ። እርሱም እንዳልሁት ጻፈ። ጉደታ ዳገቱን ሮጦ መጥቶ የነገረኝን የሰሙት ሁሉ አልተናገሩም፤ ከሰሙትም የሳቁ ነበሩ። በዚያ ሪፖርት መሠረት እኔ ለቆራጥነቴ ኒሻን ተሸለምሁ። በጉደታና በበየነ ስም ትይዩ «በጊዜ አላስታወቁም» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል።

በጥቅምት መጨረሻ ከሆስፒታል እንደ ወጣሁ የጉደታን ዕቃ ለቤተ ሰቡ እንዳደርስ ታዘዝሁ፦ አንድ ነጠላ፣ አንድ ዳዊት፣ አንድ ሴንጢ። አባቴን እንኳ ሳላገኝ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሄድሁ። አውቶቡሱ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ሲወርድ ሣር የሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ ሜዳው በድርቆሽ ክምር ተሞልቷል። አባቴ የተወለደበትን አገር ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በመንገድ ሁሉ ለአባቱ የምናገረውን አዘጋጅ ነበር። ልጃቸው በጀግንነት እንደ ሞተ ልነግራቸው ወሰንሁ። የናቀኝን ሰው እንዲህ በመልካም ማንሣቴ ለራሴ ደግነት መስሎ ታየኝ።

ኦቦ ለሚ፣ የጉደታ አባት፣ በደጃቸው ድርቆሽ ሲከምሩ አገኘኋቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ለሚ?» አልኋቸው፤ ደኅንነታቸውን በቋንቋቸው መጠየቄ ነበር።

«ነጋ፣ ልጄ። ደኅና ነን። ግባ።» ዕቃውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። ወደ ቤት ገባን። የጉደታ እናት እያለቀሱ እርጎ በቅል ይዘው መጡ።

«የጉደታ አለቃ ነህ?» አሉ አባቱ። «የማን ልጅ ነህ?»

«የበቀለ ቱፋ ልጅ ነኝ፤ ከሰበታ።»

እናቱ ቆሙ። ቅሉን ወደ እኔ ዘርግተው ነበር፤ መልሰው ወደ ደረታቸው አስጠጉት፤ ወደ ኋላም ሸሹ፤ ፊታቸውንም አዞሩ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ያን ሽሽት አውቀዋለሁ። በፋሲካ ቀን አይቼዋለሁ።

«አባትህ አልነገረህም?» አሉኝ ኦቦ ለሚ።

«ምኑን?»

ነገሩኝ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በሣር መሬት ወሰን በተነሣ ጠብ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም የእርሳቸውን ታላቅ ወንድም በዱላ መትቶ ገደለ። ገዳዩ ጠፍቶ ቀረ። አባቴም ሌሊቱን አገር ለቆ ወደ ሰበታ ሄደ። በመካከላችን ደም አለ፤ ጉማ፣ ማለትም የደም ካሣና እርቅ፣ አልወረደም። ጉማ ሳይወርድ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ አይበሉም፤ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። ቢያደርጉት በሁለቱም ላይ መዓት ይመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ደሙንም መናቅ ነው።

«አትቀየመን» አሉኝ። «እርጎውን የነሣንህ ጠልተንህ አይደለም። ላንተም ፈርተን ነው።»

ከዚያ ከሣጥን ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ልጄ ፊደል የቆጠረው ከቄስ ዘንድ ነው፤ ይህን ከጦር ሜዳ ላከልን። ቄሱ አንብበውልኛል፤ አንተም አንብብልኝ፤ ስለ አንተ ነው።»

ጉደታ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ፊደሉ ወጣ ገባ ነበር። ድምፄን አሰምቼ አነበብሁ፦

«አባቴ ሆይ፣ አለቃዬ የቱፋ የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። እርሱ ምንም አያውቅም። አልነገርሁትም፤ ሁለታችንም ጠመንጃ ይዘናልና ባያውቅ ይሻላል አልሁ። ከእርሱ ጋር አልበላም፤ ስለዚህ ያዝንብኛል፤ እፍረቱ በፊቱ ይታየኛል። ሰውየው መልካም ነው። ኩሩ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ሁላችን ሳንጠጣ ውሃ አይጠጣም። በዚያ ደም እርሱ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ስንመለስ ሽማግሌ ይግባና እንታረቅ፤ እኔም ከእጁ ልጉረስ።»

አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን መልሼ አጠፍሁት። ሁለታችንም አንዳችን ስለ ሌላው ጽፈን ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ልጃቸው እንዳስጠነቀቀኝ፣ እንዳልሰማሁት፣ ከሞተም በኋላ ስሙን እንዳጎደፍሁት መናገር ነበረብኝ። «ጀግና ነበር» ብቻ ብዬ ተነሣሁ።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ ለብዙ ጊዜ አለቀሰ። በጥር ሽማግሌዎች ተላኩ፤ እነ ኦቦ ለሚም እርቁን ተቀበሉ። ቀኑ ሲደርስ ከሰፈሩ ወንዝ ወዲህ እኛ፣ ወዲያ እነርሱ ቆምን። ከሽማግሌዎቹ የበላይ የነበሩት በመካከል ቆመው፣ እርቅ የሚጸናው በእውነት ላይ ብቻ እንደ ሆነ ተናገሩ። ከዚያ በሁለቱም ወገን ያለውን ሰው አንድ በአንድ ጠየቁ።

የእኔ ተራ ሲደርስ፣ «አንተ ልጅ፣ በአንተና በዚህ ቤት መካከል የተደበቀ ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባቴ» አልሁ።

«የለም?»

«የለም።»

«ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሃለሁ። የተደበቀ ነገር አለ?»

ከወንዙ ማዶ ኦቦ ለሚ ያዩኝ ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው እምነት ነው። «የለም» አልሁ።

በጉ ታረደ። ወንዙን ተሻገርን። ከአንድ ገበታ ቀረብን። ኦቦ ለሚ እጃቸውን ታጥበው፣ «ይህ የጉደታ ጉርሻ ነው፤ እርሱ ስላልደረሰበት እኔ ላጉርስህ» አሉና ወደ አፌ ዘረጉት። ልጃቸው ከእኔ ያልተቀበለውን ጉርሻ እኔ ከአባቱ ተቀበልሁ። ዋጥሁት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። ኒሻኔን አድርጌ በትምህርት ቤት የተናገርሁትም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሰውን በተመለከተ የተማርሁት ጥቂት ነው። ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ከእኔ ጋር አልበላም፤ ከኮዳዬ አልጠጣም፤ ሲያየኝ ይነሣል። ያላየሁት ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ለምን?» ብዬ እርሱን ራሱን መጠየቅ። መጽሐፉም አላስተማረኝም፤ እኔም አልፈለግሁትም፤ ያቆሰለኝን ነገር ምክንያት ከመፈለግ ይልቅ ስም ማውጣት ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ ያወጣሁትን ስም ከሰውየው ይልቅ አመንሁ።

የዚህን ጽሑፍ አንድ ግልባጭ፣ ከኒሻኑ ጋር፣ ሪፖርቱ ወደሚገኝበት ጽሕፈት ቤት ዛሬ ልኬአለሁ። ሁለተኛውን ይዤ ነገ ወደ ሱሉልታ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው ከማንበቡ በፊት ለኦቦ ለሚ እኔው አነብላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከገበታቸው ቢያስነሡኝ መብታቸው ነው፤ ሽማግሌዎቹም እርቁ ፈርሷል ቢሉ አልከራከርም። ሦስተኛው ጥያቄዋን ለጠየቀችኝ ተማሪ ነው።

ወደ ኮረብታው የወጣነው ዘጠኝ ነበርን።

ኃይሌ፣ በመጀመሪያው ተኩስ።

በየነ፣ በቃፊሩ ቦታ።

ታደሰ፣ የቡራዩ፣ መትረየሱን ሲያዞር።

ጉደታ፣ የሱሉልታ፣ በመንገድ ላይ።

አራት ሰው።